የጎበጠ እጀታ፦ ለዕድሜ እኩዮቼ ማስጠንቀቂያ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሮዎች፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢና በመናፈሻ ዛፍ ጥላ ሥር ከሰል የምታያይዙ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ልጆቻችን አያስፈልጋቸውም። እነሱ እጀታው የጎበጠ ግሪል ሲያዩ ስልካቸውን አውጥተው ሌላ ያዝዛሉ። መዶሻ የምናነሣው እኛ ነን። ስለዚህ ሳላንዛዛ ልናገር፦ ኢናሜል በለበሰ ግሪል ላይ የጎበጠ እጀታ ስታገኙ፣ ከነዕቃው በመዶሻ አትምቱት፣ በእሳት አታግሉት፣ ብየዳ ቤትም አትውሰዱት። ጎብጦ አጥብቆ የያዘ እጀታ፣ ተቃንቶ ውስጥ ውስጡን ከተሰነጠቀ እጀታ ይሻላል።

«ለአንድ እጀታ ይህን ያህል ወሬ!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስቲ ክዳን ሲነሣ አስቡት። ከሥር ፍም አለ። ዙሪያውን እንግዳ ሰሃን ይዞ ቆሟል። ከጉልበት በታች የልጅ ልጆች ይሯሯጣሉ። ያ ሁሉ ሰው ያመነው ሁለት ብሎኖችን ወይም አራት የብየዳ ነጥቦችን ነው፤ ማመኑንም አያውቅም። በአንድ የምረቃ ድግስ ላይ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። አንድ አባት ጠዋት በመዶሻ ያቀኑት የክዳን እጀታ ከሰዓት በኋላ በእጃቸው ላይ ቀረ፤ ክዳኑ ግን ነጠላ ጫማ ባደረገው እግራቸው ላይ ወደቀ። ስኳር ስለነበረባቸው እግራቸው አልነገራቸውም። «ምንም አልሆንኩም» ብለው ሲያስተናግዱ አመሹ። ቁስሉ የታወቀው ማታ ነው፤ ለመዳን የፈጀው ጊዜ ግን ረጅም ነበር።

እጀታው መጀመሪያ ለምን እንደሚጎብጥ እንይ። የከሰል ሙቀት የብረት እጀታ አያጎብጥም። የሚያጎብጠው መውደቅና መጎተት ነው። በበረዶው ወራት ጓሮ ጥግ ተረስቶ የቆመ ግሪል ሸራ ከለበሰ፣ ሸራው ነፋሱን ይሰበስብና ዕቃውን ይገለብጠዋል፤ የቆመው በሦስት ቀጫጭን እግሮች ነው። ሲወድቅ ቀድሞ መሬት የሚመታው ጎልቶ የወጣው ክፍል ነው፤ እሱም እጀታው ነው። ሌላው ጉዞ ነው። ጁላይ መግቢያ ላይ ለሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር፣ ወይም ለማኅበር ሽርሽር፣ ግሪሉ መኪናው ኋላ ይወተፋል፤ በላዩ ላይ ውሃና ለስላሳ መጠጥ የሞላው ማቀዝቀዣ ይጫንበታል። ሦስተኛው ጉልበተኛ ዘመድ ነው፤ ግሪሉን ከነከሰሉ በአንድ እጀታ እየጎተተ የሚያሻግር። ይህኛው በሁሉም ቤት አለ።

ጉዳቱ የሚታወቀው ግን ብዙ ጊዜ በፋሲካ ነው። ሁዳዴ ተጾሞ፣ ሌሊቱን ቅዳሴ ተቁሞ፣ እሑድ ከሰዓት እንግዳ ተጠርቶ ሸራው ሲገፈፍ እጀታው ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ ይገኛል። ሥጋው ተቆርጧል፣ ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ከሰሉ ተገዝቷል። ሱቅ ለመሄድ ጊዜ የለም። መዶሻው ከጋራዥ የሚወጣው ያኔ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶቻችን ግሪል አያውቁም ነበር፤ ያችን ሰዓት ግን አሳምረው ያውቋታል።

አሁን ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ስህተቱ ሁሉ የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው። ጉልላት መሳይ ክዳን ያለው ክብ ግሪል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1952 ቺካጎ አካባቢ ነው። ጆርጅ ስቲቨን የሚባል ሰው ዌበር ብራዘርስ በተባለ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው በውሃ ላይ ተንሳፍፈው ለመርከቦች መንገድ የሚያመለክቱ ክብ ተንሳፋፊዎችን ያበጅ ነበር። ክዳን የለሹ ማብሰያ በነፋስና በዝናብ ያስቸገረው ይህ ሰው ክቡን ለሁለት ከፈለና ግማሹን ማንደጃ፣ ግማሹን ክዳን አደረገው። ዛሬ በየጓሮው ያለው ቅርጽ ከዚያ የመጣ ነው። ላሜራው ስስ ነው። ባዶውን ቢሆን በአመድ፣ በጨውና በዝናብ መካከል ዕድሜ አይኖረውም ነበር። ያኖረው ኢናሜሉ ነው።

ኢናሜል ደግሞ ቀለም አይደለም፤ መስታወት ነው። ሲሊካ፣ ቦራክስና ሌሎች ማዕድናት አብረው ይቀልጣሉ፤ ቀዝቅዘው ይፈጫሉ። ዱቄቱ በላሜራው ላይ ከተነፋ በኋላ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ እንደገና ቀልጦ ከብረቱ ጋር ይያያዛል። የታችኛው ንብርብር ከብረቱ ጋር አጥብቆ እንዲያያዝ ኮባልት ይጨመርበታል፤ ነጭ የኢናሜል ኩባያ ሲሸረፍ ከሥር ጠቆር ብሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ ይኸው ንብርብር ነው። ዕቃው ከምድጃ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ብረቱ ከመስታወቱ ይበልጥ ይኮማተራል። ስለዚህ መስታወቱ ዕድሜውን ሙሉ ተጨምቆ ይኖራል። መጨመቁ ጥንካሬው ነው፤ መስታወት ጭመቃን ይችላል። መለጠጥን ግን አይችልም፤ ትንሽ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል።

ላሜራ ሲጎብጥ አንዱ ገጹ ይለጠጣል። ለምለም አርጩሜ ላይ ጭቃ ለጥፋችሁ ብታደርቁትና አርጩሜውን ብታጎብጡት፣ አርጩሜው ተመልሶ ይቀናል፤ ጭቃው ግን ይረግፋል። በግሪሉ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መስታወቱ ወዲያው አለመርገፉ ነው። የመጀመሪያው መጎበጥ ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው፣ ማለትም እኛ «ጥገና» የምንለው፣ ያላቅቀዋል። ከዚያ ደግሞ ሙቀቱ ይመጣል። ብረቱና መስታወቱ በየፊናቸው ሲሰፉና ሲኮማተሩ፣ ጠዋት ደህና የመሰለው ክዳን ከሰዓት በኋላ ያራግፋል።

መዶሻን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜል ተቀዶ ምድጃ፣ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ አክንባሎ ሲሆን እያየን አድገናል። የጎበጠን ማቅናት፣ የተቀደደን መደረብ እዚያ ክብር ያለው ሥራ ነው፤ አሁንም ነው። ነገር ግን ያ ባለሙያ የሚቀጠቅጠው ባዶ ብረት ነው። ባዶ ብረት ዱላ ይታገሣል። ኢናሜል የለበሰው አይታገሥም። እኛ ከአገር ይዘን የመጣነው እጅ ትክክል ነው፤ ያረፈበት ዕቃ ነው ሌላ የሆነው።

ከሁሉ በላይ እንድታውቁት የምፈልገው፣ የመዶሻ ምት ጉዳቱን የሚያሳየው መዶሻው ባረፈበት ገጽ ብቻ አለመሆኑን ነው። ከውጭ የተመታ ላሜራ ወደ ውስጥ ያብጣል፤ ያበጠው ገጽ ይለጠጣል፤ መስታወቱ የሚረግፈው በዚያ በኩል ነው። ከውጭ እያያችሁ «ምንም አልሆነም» ትላላችሁ። ውስጡ ግን ከሥጋው በላይ ነው። ደቃቅ የመስታወት ስባሪ ጥብስ ላይ ቢወድቅ ማን ያየዋል? በምላስ የሚታወቅ ከሆነ ዘግይቷል። በሚመታበት ሰዓት ደግሞ ስባሪው ይፈናጠራል። የዓይን መከላከያ ሳያደርግ ኢናሜል የሚመታ ሰው ዓይኑን እያስያዘ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልለይ ብሄድ በከንቱ አስደነግጣችኋለሁ። ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ጥቁር ቅርፊት ሲረግፍ አይታችሁ ቀለሙ ተላጠ ብላችሁ ይሆናል። ያ ብዙ ጊዜ ኢናሜል አይደለም። ጭስና ስብ ተቃጥሎ የደረቀ ጥላሸት ነው፤ በጣት ሲታሽ ይደቃል፣ ጣትን ያጠቁራል። ክዳኑ ለብ ሲል በተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ጠረግ ታደርጉታላችሁ፤ አለቀ። የሚያስፈራው የማይደቅ፣ ጠርዙ ስለታም፣ በብርሃን ሲያዩት የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ነው። እሱን በክዳኑ ውስጥ ያገኘ ሰው ያን ቀን ግሪሉ ላይ አያብስል።

ኢናሜሉ ከረገፈ በኋላ ዝገቱ ይከተላል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በጤነኛው መስታወት ሥር እየገባ ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ያነሣዋል። ጥፍር የምታህል ሽርፋት በየዓመቱ የምትሰፋው በዚህ ነው። ብዙዎቻችን ሙቀት ይችላል የሚል ጽሑፍ ያለበት የቀለም ቆርቆሮ ገዝተን እንረጭበታለን። ከውጭ በኩል፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽድታችሁ ብትረጩት ጥቂት ጊዜ ይገዛላችኋል፤ አልቃወምም። ከውስጥ በኩል ግን አትርጩ። ያ ቀለም ነው፣ መስታወት አይደለም፤ ምግብ እንዲነካውም አልተሠራም።

እህቶቼ፣ ግሪል የወንዶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ያለፋችሁ ካላችሁ ተመለሱ። ለድግስ ጓሮ ውስጥ በጋዝ ላይ የሚጣደው ትልቁ የኢናሜል ድስትና ማንቆርቆሪያም ጆሮው ይጎብጣል፣ እኛም እንቀጠቅጠዋለን። ሥሩ ሲመታ የሚሸረፈው ከውስጥ፣ ወጡና ሻዩ ካለበት ነው። በተለይ ያረጀ ነጭ ኢናሜል ውስጥ ኮምጣጣ ነገር አታሳድሩ፤ ሎሚ ጭማቂም ሆነ ጠጅ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር፣ ኒውካስል ውስጥ፣ በነጭ የኢናሜል ባልዲ የተዘጋጀ የሎሚ መጠጥ የጠጡ ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎች ታመዋል። ኢናሜሉን ለማንጣት የገባው አንቲሞኒ በአሲዱ ተሟሙቶ ወጥቶ ነበር። ከጊዜ በኋላ አምራቾች አንቲሞኒውን በታይታኒየም ተክተውታል፤ ከእናት የተወረሰው ዕቃ ግን መቼ እንደተሠራ ማን ያውቃል? ቀይ፣ ብርቱካንማና ቢጫ የሆነው አሮጌ ኢናሜል ደግሞ ካድሚየም ሊኖርበት ይችላል። ሳይሸረፍ ጌጥ ነው። ተሸርፎ ምግብ ማብሰያ አይሁን።

ወደ እሳቱ ልምጣ። «በመዶሻ ካልሆነ በጋዝ አግለን በቀስታ እናቃናው» የሚል ብልህ ሰው በየማኅበሩ አለ። ብረቱን በተመለከተ እውነት አለው፤ የጋለ ብረት በቀላሉ ይታዘዛል። ግን እጀታው ወይም ብሎኑ በዚንክ ተለብጦ ሊሆን ይችላል። ዚንክ 420 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ 907 ላይ ይፈላል፤ የብየዳ ነበልባል ይህን ሁሉ አልፎ ይሄዳል። የሚወጣውን ነጭ ጭስ የተነፈሰ ሰው በሰዓታት ውስጥ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ጉንፋን የያዘው ይመስለዋል። ከዚህ የከፋው ካድሚየም ነው። አንዳንድ አሮጌ ብሎኖችና የአሮጌ ማቀዝቀዣ መደርደሪያዎች በሱ ተለብጠዋል፤ ሲግል የሚወጣው ጭስ ሳንባን ይመታል፣ ሊገድልም ይችላል። መደርደሪያውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የግሪሉ ፍርግርግ ሲበሰብስ ከተጣለ ፍሪጅ መደርደሪያ አውጥተው ሥጋ የሚጠብሱ ሰዎች አሉ። ተዉት። ዛሬውኑ ተዉት።

ብየዳ ቤትም መፍትሔ አይደለም። መስታወት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ባለሙያው መጀመሪያ ኢናሜሉን በድንጋይ መፋቅ አለበት። ሲፍቀው ዱቄቱን ይተነፍሳል፤ ሲበይደው ሙቀቱ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ኢናሜል ያፈነዳዋል። መጨረሻ ላይ የምታገኙት ከቀድሞው የጠነከረ እጀታና በዙሪያው የዝገት መንገድ የተከፈተበት ክዳን ነው። ገንዘቡንም አስቡት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እጀታው በብሎን የታሰረ ከሆነ መንገዱ አለ፤ ግን የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፣ በፋሲካ ጠዋት ደግሞ ፈጽሞ። ግሪሉ ቀዝቅዞ፣ አመዱ ተደፍቶ፣ ክዳኑ ወፍራም ፎጣ ላይ ይጋደም። በዝገት ለተያዘው ብሎን ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠብ አድርጉለትና ይደር። በማግሥቱ የብሎኑን ራስ በካቻቢቴ አጥብቃችሁ ያዙ፤ የሚዞረው ዳዶው ብቻ ይሁን። ራሱ ኢናሜሉ ላይ ከተሽከረከረ መስታወቱን ይፈጨዋል። እምቢ ካለ ከብሎን ጋር ግብግብ አትግጠሙ፤ ዳዶውን በብረት መጋዝ ቁረጡት። ብሎን ርካሽ ነው።

የወጣውን እጀታ ማግኔት አስጠጉበት። ማግኔት የሚስበው ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ብረት ነው፤ ይቃናል። የማይስበው አሉሚኒየም ወይም የዚንክ ቅይጥ ሊሆን ይችላል፤ በቅርጽ ፈሶ የተሠራ ከሆነ ለማቅናት ስትሞክሩ ይሰበራል፣ ወይም ይባስ ብሎ ሳይሰበር ይሰነጠቃል። ብረት ከሆነ ሞርሳ ላይ በሁለት እንጨት መካከል ያዙት፤ ቧንቧ አጥልቁበትና በዝግታ ግፉ። ብረት ስትለቁት ጥቂት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከፈለጋችሁት መስመር በጥቂቱ አሳልፉት። ወዲያና ወዲህ አታመላልሱት፤ በታጠፈበት ቦታ ብረት እየደረቀ ይሄዳል፣ በደረቀ ቁጥር ለመሰበር ይቀርባል። አንድ ጊዜ ጎብጦ አንድ ጊዜ የቀና ዘንግ ያገለግላል። በዚያው ቦታ ዳግመኛ ከጎበጠ አታቃኑት፣ ቀይሩት። ከዚያ በማጉያ መነጽር እጥፋቱን ዙሪያውን ተመልከቱ። ቀጭን መስመር ካያችሁ ሥራው አልቋል፤ እጀታው ወደ ቆሻሻ።

ደህና ከሆነ ስትመልሱት ከውስጥም ከውጭም ሰፋ ያለ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሮንዴላ አድርጉ፤ ብሎኑም እንደዚያው። በዚንክ የተለበጠ ብሎን ከእሳቱ በኩል አይግባ። ዳዶውን እስኪይዝ አጥብቁ፣ ከዚያ በላይ አንድ ዙር አትጨምሩ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ዳዶ ኢናሜሉን ጨፍልቆ ይሰነጥቀዋል፤ እኛ ወንዶች ደግሞ ማጥበቅ እንወዳለን። ከሰል ሳይገባ ክዳኑን ከፎጣው ከፍ አድርጋችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አናውጡት። ለጎን እጀታው ማንደጃው ውስጥ አሸዋ የሞላ ከረጢት አስቀምጡና አንሡ፣ አውርዱ። የሚነቃነቅ ከሆነ ቀዝቅዞ ይነቃነቅ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።

እጀታው ከላሜራው ጋር ተበይዶ፣ ኢናሜሉ ከላይ የፈሰሰበት ከሆነ ግን ነገሩ ጠባብ ነው። ላሜራው ሳይሰረጎድ ዘንጉ ብቻ ከጎበጠ ሁለት መፍቻ ያስፈልጋል። አንዱ ከብየዳው አጠገብ ዘንጉን ይዞ ጉልበቱን ይቀበላል፤ ሌላው ጫፉን ቀስ ብሎ ይመልሳል። ብየዳው ጉልበት እንዳይሰማው ነው ጥበቡ። ይህን የሚሠራው ሁለት ሰው ነው፣ ብቻውን የሚሞክር አይኑር። ላሜራው ራሱ ከተሰረጎደ፣ ወይም በብየዳው ዙሪያ መስታወቱ ከተሰነጠቀ፣ እጃችሁን አንሡ። ሁሉን ነገር መመለስ አለብን የሚለው ሐሳብ ነው የሚጎዳን። ጎባጣው ይቅር፤ ሲነቀነቅ የማይላወስ ከሆነ ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። ከተላወሰ ግን ጎባጣነቱ አይደለም ችግሩ።

ስለ ራሳችን ሰውነትም ልናገር፤ ይህን ሌላ ማንም አይነግረንም። ቆዳችን ሳስቷል። የ60 ዲግሪ ውሃ በጎልማሳ ቆዳ ላይ ከባድ ቃጠሎ ለማድረስ ስድስት ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ በእኛ ዕድሜ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ግማሾቻችን ደም ማቅጠኛ እንውጣለን፤ የኢናሜል ጠርዝ የሚቆርጠው እንደ ምላጭ ነውና ደሙ ቶሎ አይቆምም። ስኳር ያለባችሁ እግራችሁን አትመኑ፤ ፍም አጠገብ በነጠላ ጫማ አትቁሙ፣ በዓልም ቢሆን። የዓይናችንን ነገር ተዉት፤ ስንጥቁን የሚያይላችሁ ወጣት አጠገባችሁ ካለ ጥሩት፣ ነውር የለውም።

አንዲት የጎን ነገር ልጨምር፤ ስለ ጋራዥ። ጥገናው ጋራዥ ውስጥ ተሠርቶ «እስኪ ይይዝ እንደሆነ ልየው» ተብሎ እዚያው ከሰል ይቀጣጠላል። በዝናብ ቀን ደግሞ ግሪሉ ከነፍሙ ወደ ውስጥ ይገባል። በር ተዘግቶ ከሰል ያፈነው ቤት ምን እንደሆነ ለእኛ ማስተማር አያስፈልግም፤ በልጅነታችን ሰምተናል፣ ለቅሶ ደርሰናል። ጭስ የሌለው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይሸትም፣ አይታይም፤ ሊጠፋ ሲል ጭምር ያወጣል። የጋራዡ በር ክፍት መሆኑ አይበቃም። የከሰል ፈተና ውጭ ብቻ ነው።

ዕቃው አልሆን ብሎ ከተጣለም አጣጣሉን ዕወቁበት። ግሪሉን እንዳለ መንገድ ዳር አውጥታችሁ አታቁሙት። ከእኛው ሰፈር አንዱ፣ ምናልባት ትናንት የመጣ ልጅ፣ በጨለማ ጭኖት ይሄዳል፤ እሑድ እናቱን ጠርቶ ይጠብስበታል። እጀታውን ፈትታችሁ ለብቻ ጣሉት፤ የተበየደ ከሆነ በመጋዝ ቁረጡት። ክዳኑ ላይ በትልቁ «አይሠራም» ብላችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉበት፤ ከዚያ ካውንቲው የብረታ ብረት ውዳቂ ወደሚቀበልበት ቦታ ራሳችሁ አድርሱት።